የዕርቁ ድሪያ

ሽማግሌዎቹ ሳይቀመጡ ሽታው ቀድሟቸው ቤቴ ገባ። ከጥቅሉ ያልተፈታ አዲስ ጨርቅ፣ ሱቅ ውስጥ ከሽቶ ጠርሙስ ጋር የከረመ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ጅቡቲ፣ ካርቲየ 5 ሰፈር፣ ጨርቅ ነጋዴዎች መሀል ነውና ሐሩንና ናይሎኑን ዓይኔን ጨፍኜ በአፍንጫዬ እለያለሁ፤ ለዚህኛው ግን አፍንጫም አላስፈለገኝም። ነጫጭ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌዎች ጥቅል ይዘው፣ ባሏን ጥላ የመጣች ሴት ያለችበት ቤት ከቀትር በኋላ ሲመጡ ጉዳዩ አንድ ነው። ጥቅሉን ጠረጴዛዬ ላይ፣ ከቴምሩ ሳህን አጠገብ አኖሩና ስለ ሙቀቱ ማውራት ጀመሩ። ስለ ሙቀቱ! እዚህ አገር በሐምሌ ስለ ሙቀት የሚያወራ ሰው የሚለው የጠፋው ሰው ነው።

ሳሚራ ከመጋረጃው ጀርባ፣ መኝታ ቤት ውስጥ ሆና ትሰማለች። የእህቴ የፈቲያ የልጅ ልጅ ናት። ባለፈው ሳምንት በጠዋት ከጋቦዴ ሰፈር በሚኒባስ መጣችብኝ፤ በቤት ቀሚስ፣ በአንድ እግሯ የራሷን፣ በሌላው የባሏን ነጠላ ጫማ አድርጋ። ግራ ዓይኗ አብጦ ተዘግቷል። ሚኒባሱ ውስጥ ማንም ምን ሆንሽ አላላትም፤ አንዲት ሴትዮ ብቻ ሒሳቧን ከፈለችላትና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ባሏ ወደብ ላይ የሚሠራ፣ ሲያዩት አንገቱን የደፋ፣ ሲናገር ድምፁ የማይሰማ ልጅ ነው። የሚኖሩት ከእስር ቤቱ ግንብ ብዙም በማይርቅ አዲስ ሕንፃ ላይ ነው። ሰርጋቸው ጊዜ እዚያ ሰፈር መኖር አያስፈራም ወይ ብዬ ስጠይቃት፣ እማማ፣ ክፉዎቹማ ከግንቡ ወዲያ ናቸው ብላኝ ነበር።

«ረውዳ እህቴ» አሉኝ ሐጂ ኢስማኢል፣ የባሏ አጎት። «ልጆች ናቸው። ሰይጣን መሀላቸው ገባ። እኛ ደግሞ ሰይጣንን ልናስወጣ ነው የመጣነው። ይኸው፣ ሃሏን ይዘናል።»

በዚህ አገር በዳይ ለተበዳይ የሚሰጠው ማስታረቂያ ሃል ይባላል። ከሶማሌ ጎረቤቶቻችን የወሰድነው ነው፤ ከድሬዳዋና ከሐረር የመጣን ነጋዴዎች ደግሞ የሰው ወግ ስንወስድ ወደ ሱቃችን ነው የምንወስደው። በገጠር ግመል የሚነዳበት ነገር እኛ ዘንድ ጨርቅ ሆነ። የተመታች ሚስት ድሪያ፣ ያ ሰፊው ስስ ቀሚስ፣ ይገዛላታል፣ ሽቶ ይጨመርበታል። ጥቅሉ ዘመዶቿ ቤት ካደረ ይቅር ብላለች ማለት ነው። እሷን የሚጠይቅ የለም።

«አላህ ይስጥልኝ፣ ቴምር ይቅመሱ» አልኳቸው። ለሽማግሌ ፊት ለፊት እምቢ አይባልም፤ እኔም የዚሁ ወግ ልጅ ነኝ። ቴምሩን በሉ፣ ዱዓ አደረጉ፣ ጥቅሉን ትተው ወጡ። ሽታው ግን አብሯቸው አልወጣም። ቁጭ ብዬ ሳየው ሳየው ያ ሌላው ጥቅል ፊቴ መጣ።

ከድሬዳዋ የመጣነው በባቡር ነው። ያኔ እዚያ ማን ይገዛ እንደ ነበር፣ እዚህስ የማን ባንዲራ ይውለበለብ እንደ ነበር አሁን ይደባለቅብኛል። የማይደባለቅብኝ እናቴ በዘንቢል የያዘችው የብርቱካን ሽታና ፈቲያ በመስኮቱ ብቅ ብላ ዓይኗ ውስጥ አሸዋ ሲገባባት የሳቀችው ሳቅ ነው። አባታችን ሞቶ ነበር። የእናታችን ወንድም፣ አጎቴ ዩስፍ፣ እዚህ የጨርቅ ሱቅ ነበረውና አስጠጋን። ባጌት ዳቦ በሃያ ፍራንክ ነበር፤ ትኩሱን ከመጋገሪያው በር ላይ ገዝተን ቤት ሳንደርስ ጫፉን እንበላው ነበር። በረዶ በጆንያ ተጠቅልሎ በጋሪ ይዞራል። ቤቶቹ የሳንቃ ሆነው ሰማያዊና አረንጓዴ ይቀባሉ፤ ቀለሙን ባሕሩ ይልጠዋል፣ ባለቤቱ እንደገና ይቀባዋል። በበጋ ሰው ሁሉ የገመድ አልጋውን ደጅ አውጥቶ ይተኛል፤ ስለዚህ ማን እንደሚያንኮራፋ፣ ማን ሚስቱን እንደሚሳደብ መንገዱ ሁሉ ያውቃል። ቀትር ላይ የጫቱ መኪና ጡሩንባ ይነፋና ከተማው እንደ አንድ ሰው ብድግ ይላል። ከዚያ ዝም ነው፤ ከካሴት ቤቱ የሚወጣው የዑድ ድምፅ ብቻ፤ የኤደን ከተማ ዜማ፣ የሐርጌሳ ዜማ፣ አንዳንዴ የእኛም አገር።

ድሪያም እንደ ዛሬው በብልጭልጭ አልታጨቀም። ስስ ነበር፣ የውስጥ ጉርዱ የሚታይበት፣ ጠርዙ ላይ ክር የተጠለፈበት። ሲራመዱበት ሿ ይላል። ፈቲያ ጫፉን በአንድ እጇ ሰብስባ ስለምትሄድ ድምጿ ከሌላው ሁሉ ይለይ ነበር፤ ሿ ይልና ጥቂት ቆሞ እንደገና ሿ። ጀርባዬን ሰጥቼ ዕቃ ሳጥብ እንኳ ከመንገዱ ጫፍ መምጣቷን አውቅ ነበር። ዛሬ ስንቱን ስም ረስቻለሁ፣ ያንን ድምፅ ግን አልረሳሁትም። መርሳት በቻልኩ ብዬ የተመኘሁበትም ጊዜ አለ።

የተዳረችው ለአጎቴ የንግድ ወዳጅ ልጅ ነው። ስሙን አልጠራውም። ከሱቃቸው በላይ፣ በውጭ በኩል ባለ የእንጨት ደረጃ የሚወጣበት ሰፊ ቤት ነበራቸው። በወዲህ በኩል ባሕሩ ይታያል፤ እኔ የአሥራ ሦስት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆኜ እየሮጥኩ እወጣው፣ እየሮጥኩ እወርደው ነበር። መጀመሪያ አካባቢ ፈቲያ ሎሚናድ ትቀዳልኝና በረንዳው ላይ ቁጭ ብለን መርከብ እናያለን። በኋላ ሎሚናዱን እየሰጠችኝ ቶሎ ጠጪ ማለት ጀመረች። በኋላ ደግሞ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ፊቷን ግማሽ ደብቃ፣ «ዛሬ ራሴን አሞኛል፣ ሩዲ፣ ሂጂ» ትለኝ ነበር። ረውዳን አሳጥራ ሩዲ ነበር የምትለኝ። ሕፃኗ ሐዋ ከተወለደች ወዲያማ የታመመ ራሷ አልዳነም።

ሸሽታ ስትመጣ ሽማግሌ ይመጣል፤ ጥቅል ይመጣል፤ ጥቅሉ ያድራል። አጎቴ ዩስፍ «ተቀብላለች» ይላል። ተቀበለችም አልተቀበለችም፣ ጠዋት ስትነሳ አልጋዋ ጫፍ ላይ ታገኘዋለች። አጎቴ ደግ ሰው ነበር፤ አስጠግቶናል፣ አብልቶናል፤ ግን የወዳጅነቱና የንግዱ ነገር ከእህቱ ልጅ ፊት በልጦበት ነበር። የመጨረሻው ጥቅል የሎሚ ቅርፊት ቀለም ያለው ድሪያ ነበር፣ ጠርዙ በብርማ ክር የተጠለፈ። ያን ያህል የሚያምር ጨርቅ በዚያ ሰፈር አልታየም። ጎረቤቶች ሊያዩት መጡ። አንዷማ «እንዲህ ያለ ከሆነ እኔንም ይምታኝ» ብላ ሴቱን ሁሉ አሳቀች። ፈቲያም አብራ ሳቀች።

ከዚያ በኋላ ግን እንደ ወትሮው ጉንጭና ክንድ ብቻ አልነበረም። ሐዋን እንዳቀፈች ነው የመታት። ሕፃኗ ከእጇ ልትወድቅ ስትል ለጥቂት ያዘቻት። ያን ቀን መጥታ «ከእንግዲህ ሽማግሌ አልፈልግም፣ ቃዲው ዘንድ እሄዳለሁ» አለች። አጎቴ ራሱን ያዘ። እናቴ አለቀሰች፤ አልቅሳ ስትጨርስ ግን አብሬሽ እሄዳለሁ አለቻት። ባሏ ይህን ሲሰማ ሌላ ወሬ አስነሳ፤ እብድ ናት፣ ራሷን ከግድግዳ ጋር የምታጋጨው ራሷ ናት፣ ለልጄም እፈራላታለሁ ይል ጀመር። ሰው አመነው። ድምፁ የማይሰማ ሰው ስለ ነበር አመነው።

በቀጠሮው ቀን ካምሲን፣ ያ ትኩሱ የበረሃ ንፋስ፣ አቧራውን እያንሳፈፈ ነበር። ፈቲያ መስታወት ፊት ቆማ ኩል ተኳለች። «እብድ ናት እያለ ነው» አለችኝ፤ «ሰው መስዬ ልግባ። ጸጉሬን አጥብቀሽ ጎንጉኚልኝ፣ ሩዲ።» ጎነጎንኩላት። ሌሎቹን ልብሶቿን ቀዳዶባት ነበርና ያ የሎሚ ቀለሙን ለበሰች። እንዴት ታምር ነበር! እናቴ «ማሻአላህ» ብላ ፊቷን አዞረች። ከመሀላችን አንድም ሰው ምንም አላሰበም። ዳኛ ፊት በደህና ልብስ ይቀረባል፤ የምናውቀው ይህን ነው። ድሪያው ለኛ ደህና ልብስ ነበር፣ በቃ።

ቃዲው ሸምገል ያሉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሰው ነበሩ። ማራገቢያው ከላይ ይሽከረከራል። ፈቲያ በሶማሊኛ፣ ሳትንተባተብ፣ የምትፈልገውን ተናገረች፤ ከልጄ ጋር እናቴ ቤት ልቀመጥ፣ እሱም እዚያ እንዳይደርስብኝ ይከልከልልኝ። ሌላ ምንም አልጠየቀችም። ቃዲው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እናቴ እጄን ጨብጣ ያዘችው፣ የሚሆን መሰለን። ከዚያ ከባሏ ጎን የተቀመጡት አባቱ ተነሡ። ነጭ ሸሚዝ፣ አዲስ ሽርጥ፣ ከዘራ። አልጮሁም፣ አልተሳደቡም።

«ቃዲ፣ እኔ የምለው የለኝም» አሉ። «የለበሰችውን ይመልከቱልኝ።»

ቃዲው መነጽራቸውን አደረጉ። «ልጄ፣ ይህን ልብስ ማን ሰጠሽ?»

«እሱ።»

«ለምን ሰጠሽ?»

ፈቲያ ወደ ልብሱ ጎንበስ ብላ አየች። አሁን፣ ይህን ስጽፍ፣ የማየው አንገቷን ነው፤ እኔ የጎነጎንኩት ጸጉር ወደ ፊት ሲወድቅ። ገብቷታል። እኛም ገባን። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ገባው።

«ሲመታኝ» አለች። ድምጿ ተለውጦ ነበር።

«ታዲያ ልጄ፣ ሃልሽን ተቀብለሻል። ተቀብለሽ ለብሰሽዋል። ይቅር ያልሽውን ነገር መልሰሽ እንዴት ትከሺዋለሽ? ግቢ ወደ ቤትሽ። አንተም አላህን ፍራ።» ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እስከ ዛሬ የሚያናድደኝም ይሄ ነው። ክፉ ቢሆኑ ረግሜያቸው ያርፍልኝ ነበር።

ስንወጣ ፀሐዩ ናላ ያዞራል። ፈቲያ መንገዱ መሀል ቆመች። «ሩዲ፣ አውልቂልኝ» አለችኝ። ምኑን ስላት ድሪያውን ከደረቷ ላይ እየጎተተች፣ «አውልቂልኝ፣ አውልቂልኝ!» እያለች ጮኸች፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ፣ ነጋዴው ከሱቁ ወጥቶ፣ ባለ ጋሪው ቆሞ። እናቴ የራሷን ሻሽ አውልቃ ሸፈነቻት። እብድ ናት የተባለው ወሬ የጸናው ያን ቀን ነው። ባሏ ቀስ ብሎ መጣና በክንዷ ያዛት፤ ለሰው ሁሉ ይቅርታ እየጠየቀ፣ እያባበለ ወሰዳት። አንድ ጊዜ ብቻ ዞራ አየችኝ።

ሙቀቱ ሳይበርድ ሞተች። ከደረጃ ወደቀች ተባለ። ያን ደረጃ ልጅ ሆኜ እየሮጥኩ ወጥቼ ወርጄዋለሁ፣ ወድቄ አላውቅም። ማንም ምንም አልጠየቀም። ልጅቱን ለእናቴ ሰጧት፣ ከዕቃዋም ጋር ያን ድሪያ፣ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ታጥፎ። አጎቴ ዩስፍ ከዚያ ወዲህ እስኪሞት ድረስ ሱቁ ውስጥ የሎሚ ቀለም ጨርቅ አልሰቀለም፤ ስለ ነገሩ ከአፉ ቃል ወጥቶም አያውቅ። ሰውዬው ግን ሌላ አገባ፣ ወፈረ፣ ሐጅ ሄደ። ዓርብ ዓርብ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሰላም ይለኝ ነበር፤ እኔም እመልስ ነበር። ምን አደርጋለሁ፣ ሰላምታ ነው።

ቤቱ ፈርሶ ዛሬ ቦታው ላይ የስልክ መሸጫ አለ፤ በሩ መስታወት፣ ውስጡ ቀዝቃዛ። ከባልባላ የሚመጡ ወጣቶች ለማቀዝቀዣው ሲሉ ገብተው ስልክ የሚያዩ ይመስላሉ። ባጌቱም ዋጋው ሌላ ነው፣ ጣዕሙም። ድሪያው ግን እናቴ ካረፈች ወዲህ እኔ ሳንዱቅ ውስጥ ነው ያለው። ናይሎን አይበሰብስም፤ የዚህ አገር ጨውና ወበቅ ብረት ሲበላ እሱን ምንም አላደረገውም። ንፋሱ በበጋ ሲነሳ፣ መብራት ሄዶ ማራገቢያው ሲቆም፣ ቤቱ ጭር ሲል እሰማዋለሁ፤ ሿ ይልና ጥቂት ቆሞ እንደገና ሿ። ሳንዱቁ ተቆልፎ ነው የምሰማው። መጀመሪያ እፈራ ነበር። አሁን ግን ያስፈራኝ የነበረው ድምፁ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ምን ትፈልጊያለሽ ብላት የምሰጣት የለኝም ነበር፣ እሱ ነው።

እንግዲህ ያ ሁሉ ዘመን በራሴ ውስጥ ሲያልፍ ጥላው ረዝሞ ነበር። ብድግ ብዬ መጋረጃውን ገለጥኩ።

«ሳሚራ፣ ይሄ ጥቅል ይደር ወይስ ይሂድ? አንቺ ነሽ የምትናገሪው።»

«ከሄደ የት እኖራለሁ፣ እማማ?»

«እዚሁ።»

«እዚህ ቢመጣስ? እኔና አንቺ በሩን ይዘን እንቆማለን?»

«እንዳይመጣ ዳኛ ትከልክለዋ። ለሴቶች የሚሟገቱት የማኅበሩ ልጆች አቤቱታሽን አስገብተው፣ ነገ በጠዋት ፍርድ ቤት ኑ፣ እሱም ተጠርቷል ብለውሽ የለም?»

በመጋረጃው ክፍተት ጥቅሉን አየችው። «ይሂድ» አለች በመጨረሻ።

የመግሪብ አዛን ሳይል ሐጂ ኢስማኢል ሱቅ ደረስኩ። ጥቅሉን ባንኮኒው ላይ አኖርኩና «ሐጂ፣ ጨርቅዎን ረስተውት ሄዱ» አልኳቸው። ደንበኞች ነበሩ፤ ሆን ብዬ ነው ደንበኛ ባለበት የሄድኩት።

«ረውዳ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፤ «ሰው ምን ይላል? ደግሞስ ፍርድ ቤት ሄዳ የተጠቀመች ሴት አይተሻል?»

«አላየሁም» አልኩ። «እስቲ ልየው ብዬ ነው።»

ጠዋት ስነሳ ሳሚራ መስታወት ፊት ናት። ከጎረቤት ጥቁር ዓባያ ተውሳለች፣ እጅጌው ላይ ወርቅማ ጥልፍ ያለው። የዓይኗን ዙሪያ በዱቄት ደፍናው፣ ከንፈሯን ቀብታ፣ አሁን የቀራት ጸጉሯ ነው። «እብድ ናት እያለ ነው አሉ» አለችኝ፤ «ሰው መስዬ ልግባ፣ እማማ።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ያንኑ ቃል፣ ማንም ሳይነግራት! አያትሽ ከደረጃ ወደቀች ነበር የተባለችው፤ እናቷ ሐዋም ከዚያ ሌላ አልሰማችም፤ ድሬዳዋ ተድራ ስትሄድም እንዲሁ ሄደች። እጇን ይዤ አጠገቤ አስቀመጥኳትና ነገርኳት፤ ድሪያውን፣ ቃዲውን፣ መንገዱ መሀል የሆነውን። ሳንዱቁን ከፍቼም አሳየኋት። ሳሚራ አልነካችውም። እንባዋ ዱቄቱን እየጠረገ ወረደ፣ ከሥሩ ያ ሰማያዊው ብቅ አለ። ከዚያ ተነሥታ ፊቷን በሳሙና ታጠበች፣ ዓባያውን አጥፋ አስቀመጠች። የመጣችበትን የቤት ቀሚስ ለበሰች፣ ደረቱ ላይ ደሙ የደረቀበትን። ከአልጋው ሥርም ጫማዎቹን አወጣች፣ የራሷንና የሱን።

የፍርድ ቤቱ መተላለፊያ ጠባብ ነው፤ ግራና ቀኝ አግዳሚ ወንበር አለ። ባሏ ፊት ለፊታችን ተቀምጧል፣ አንገቱን ደፍቶ። ከጎኑ ሐጂ ኢስማኢል። ሐጂ ሳሚራን ከራስ ጸጉሯ ጀምረው አዩዋት፤ ያልተሸፈነውን ዓይኗን፣ ቀሚሱን። የሚፈልጉትን አውቃለሁ፤ ባሏ የሰጣትን ልብስ ነው። ወደ ታች ሲወርዱ ዓይናቸው እግሯ ላይ ቆመ። አንዱ ጫማ ሰፊ፣ የወንድ፣ ከእሳቸው ሱቅ የወጣ። አዩት፣ ከዚያ የወንድማቸውን ልጅ አዩት፣ ከዚያ መሬቱን።

ዳኛዋ ምን እንደምትወስን አላውቅም፤ የዳኛ ወረቀት የሚያቆመው የመቺ እጅ እንዳለ ሁሉ የማያቆመውም አለ፣ ይህን አላጣሁትም። እፈራለሁ። ድምፁን የሰማሁት እንዲህ እየፈራሁ ሳለ ነው። ከመተላለፊያው ጫፍ፣ ሿ አለ፣ ጥቂት ቆመ፣ እንደገና ሿ አለ። ዞር ብዬ አላየሁም። ፈቀቅ አልኩና በዚያ በኩል ለፈቲያ ቦታ ለቀቅኩላት።

በሩ ተከፈተ። የሳሚራ ስም ተጠራ፤ ሦስታችንም ተነሣን።